በሎሚ የታጠበው የደም ቧንቧ

ይህ የገጠመኝ በደርግ ዘመን፣ በሞያሌ አቋርጬ ናይሮቢ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ሰሞኑን ደግሞ ከሐኪም ቤት አልጠፋም።

ፓርክላንድስ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር አንድ ቤተ ሙከራ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ የታመመ የደም ቧንቧ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ስንቱ ሴል እየተራባ፣ ስንቱ እየሞተ እንደሆነ መቁጠር ነው። ቧንቧው ስብ ሲቀለብ ከኖረ አሳማ የተወሰደ ነው። አለቃዬ የነበረው ኬንያዊ ዶክተር፣ ቆጠራው ካማረ ለሥራ ፈቃድ የሚሆነኝን ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ቃል ገብቷል። ስደተኛ ከዚህ ሌላ ምን ይመኛል?

አንድ ዓርብ የቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ተበላሸ። ዶክተሩ ናሙናውን ከነፈሳሹ በብልቃጥ ሰጥቶ እስከ ሰኞ ቤቴ እንዳቆየው ነገረኝ። ፍሪጁ ግን የእኔ ሳይሆን ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ክፍል ያከራዩኝ የእትዬ ወርቅነሽ ነው። እሳቸው ደግሞ አንድ ዶሮ ለማጠብ ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው ሴት ናቸው። ብልቃጡን ከጎመኑ ጀርባ ወሸቅኩና ምንም ሳልነግራቸው ተኛሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ እትዬ ወርቅነሽ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ቧንቧው ጥጥ መስሎ ሳህን ላይ ተጋድሟል። በቢላ ፍቀው፣ በጨውና በሎሚ ደጋግመው አጥበውታል። ፍቀው የጣሉት ስብ በሽታው ነበር።

«ልጄ፣ ይህን ሥጋ የሸጠልህ ሰው ተጫውቶብሃል» አሉኝ። «እንዲህ ያለ ቆሻሻ ዕድሜዬን አላየሁም።»

የአሳማ መሆኑን ብነግራቸው ቢላውንም ሳህኑንም እኔንም አውጥተው ይጥሉ ነበር። ለትምህርት የሚሆን ነው ብዬ ከድስት አተረፍኩት።

እሑድን ሙሉ ቁጥር ፈጥሬ ልጻፍ ወይስ ልናዘዝ እያልኩ ተገላበጥኩ። ሰኞ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ዶክተሩ ከቧንቧው ስስ አድርጎ ቆረጠና በማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየ።

«ሁሉም ሞተዋል» አለ።

ደብዳቤዬም አብሮ የሞተ መሰለኝ። ቀና ሲል ግን እንባው እስኪወርድ እየሳቀ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥር ፈጥሮ ያመጣልኝ ነበር ብሎ ደብዳቤውን እዚያው ጻፈልኝ።

ባለፈው ወር ሐኪሜ የልቤ ቧንቧ በስብ መጥበቡን ነገረኝ። መደንገጡን ደንግጫለሁ፤ ከበሩ ስወጣ ግን ብቻዬን ሳቅኩ። እትዬ ወርቅነሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአሳማ መሆኑን ሳያውቁ አረፉ። ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ይህን የልቤን ቧንቧ ከእሳቸው በቀር ለማንም ሐኪም አላስነካም ነበር።