የሦስት ሳምንት ኩስ

ባለፈው ቅዳሜ የዶሮ ቤታችን የኩስ መዛቂያ ማሽን ላሜራ ተቀየረ። አሮጌውን ከቦዩ ሳወጣው ጠርዙን ኩስ በልቶት እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ ስነካው ጫፉ እጄ ላይ ተፈረፈረ። እማዬ «ወርውሪው» አለችኝ። እኔ ግን አጥቤ መስኮቴ ላይ አቆምኩትና ልጽፍ ተቀመጥኩ። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ጮክ ብሎ ካነበበው ወዲህ ስለ ምንም ነገር መጻፍ እንደምችል እርግጠኛ ሆኛለሁ። ስለዚህ ስለ ኩስ እጽፋለሁ። ምግብ ላይ ያላችሁ በልታችሁ ስትጨርሱ አንብቡት።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ቤታችን ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አያቶቼ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ በተሰጣቸው ቦታ ላይ እማዬ ሦስት መቶ የእንቁላል ዶሮዎች ታረባለች። ዶሮዎቹ የሚኖሩት በቀርከሃ ርብራብ ላይ ነው፤ ኩሱ በርብራቡ ክፍተት ሾልኮ ከታች ባለው የሲሚንቶ ቦይ ይጠራቀማል። ዛቂዋ እኔ ነበርኩ። በየማለዳው ጎንበስ ብዬ ከርብራቡ ሥር እገባለሁ። ከላይ ትኩሱ አንገቴ ላይ ጠብ ይላል፣ ከታች እርጥቡ ጫማዬ ውስጥ ይገባል። ሽታው አፍንጫ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ምላስ ላይ ይቀመጣል። በግንቦት፣ ዝናቡ ጀምሮ ማንጎው ሲበስል፣ አንድ ዝንብ ከቦዩ ተነስቶ የያዝኩት ማንጎ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ያን ዓመት ማንጎ አልበላሁም። አሶሳ እየኖሩ ማንጎ አለመብላት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። ቢሆንም ዘሃራ ቦታ ቀየረች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተቀመጠች ልጅ ናት። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ «ሰሌዳው አይታየኝም» ብላ ደብተሯን ይዛ ወደ ፊት ሄደች። ዓይኗ ግን ከእኔ ዓይን ይሻል ነበር።

ቤት ገብቼ ሳለቅስ እማዬ ወደ ዘሃራ አባት፣ ወደ ጋሽ ኸሊፋ ሄደች። ስለ ቦታው ሳይሆን ስለ ኩሱ ልታማክራቸው ነው። ጋሽ ኸሊፋ የበርታ ሰው ናቸው፤ በያጅ፣ ቀድሞ ወፍጮ ቤት የነበራቸው። የወፍጮውን ሞተር፣ የብረት ገመድና ገመዱ የሚዞርበት ፑሌጃ ይዘው መጡ፤ በቦዩ ስፋት ልክ ላሜራ ቆርጠው በየዱ። ሞተሩ ገመዱን ሲጎትት ላሜራው ኩሱን እየገፋ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ይከተዋል ተባለ። ሞተሩ በውሰት ነው፤ ካልሠራ ይወስዱታል። እኔ ደግሞ፣ እማዬ እንዳለችው፣ እስከ ሠርጌ ቀን እዝቃለሁ።

የማሽኑ ምረቃ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እማዬ መዛቄን አስቆመችኝ። ጎረቤቱና የቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ ተጠርተዋል፤ ማሽኑ በባዶ ቦይ ሲመላለስ ምን ሊያዩ ነው? እንደ ድግስ እህል ኩስ አጠራቀምን። እኔ እረፍት በማግኘቴ ፈነጠዝኩ። ጋሽ ኸሊፋን የጠየቀ ግን አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ዝናቡ በጣሪያው ቀዳዳ ገባ። ኩሱ አብጦ ርብራቡን ሊነካ ደረሰ። ላዩ ላይ ነጭ ትል እንደሚፈላ ሩዝ ይርመሰመሳል፤ ተሰብሮ የወደቀው እንቁላል ውስጡ ከርፍቷል። ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው መተንፈስ ጀመሩ። ዓይናቸው ያነባል፤ የእኔም።

ቅዳሜ፣ በምረቃው ዕለት፣ እማዬ ራሷ ማብሪያውን ተጫነች። ላሜራው አንድ ክንድ ያህል ሄደ። ከዚያ ኩሱ መገፋቱን ተወና በላሜራው ላይ ተንከባሎ ወጣ፤ ከቦዩ ዘሎ የባለሙያው ጫማ ላይ ተዘረገፈ። ገመዱ አቃሰተ፣ ሞተሩ ጨሰ። ጋሽ ኸሊፋ ሮጠው አጠፉት። ባለሙያው እግሩን እያራገፈ «እንኳንም ነጭ ካልሲ አላደረግሁ» አለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም።

ጋሽ ኸሊፋ ጎንበስ ብለው ቦዩን አዩ። «ይሄ የስንት ቀን ነው?»

«የሦስት ሳምንት» አለች እማዬ ቀስ ብላ።

«ወላሂ፣ እናንተ ሰርግ አደረጋችሁ። ይሄ ማሽን የቀን በቀን ነው። በየጠዋት ትንሽ ትንሽ ይበላል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። «ዛሬ ቦዩ ባዶ ከሆነ፣ ነገ እንሞክራለን። ሞተሩ ተቃጥሎ ከሆነ፣ ኸላስ፣ እወስዳለሁ። አንተ ግን አትፍራ።»

እንግዳው ተበተነ። አካፋ ይዤ ገባሁና እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጠምኩ። ከኋላዬ ሰው ሲያስመልሰው ሰማሁ። ዞር ስል ዘሃራ ናት፤ የአባቷን የመሣሪያ ሳጥን ተሸክማ መጥታ ነበር። አፏን ጠረገች፣ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አሰረችና ሌላውን አካፋ አነሳች።

«በየቀኑ እዚህ ውስጥ ነበርሽ?» አለችኝ።

«በየቀኑ።»

መዛቅ ጀመረች። ሁለት ጊዜ ደግሞ አስመለሳት፤ ሁለተኛው ቦዩ ውስጥ ስለወደቀ እሱንም ዛቅነው።

ማምሻውን እናቷ ገንፎ በባምያ ወጥ ላከችልን። ባምያው ከማንኪያው ላይ ሲዝለገለግ እኔና ዘሃራ ተያየን። ሳህኑን ለድመቷ ሰጠናት። የምወደው ምግብ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ኸሊፋ ማብሪያው አጠገብ አቆሙኝና «ቢስሚላህ በል» አሉኝ። ቦዩ ውስጥ ያለው ያደረው ኩስ ብቻ ነው። ሞተሩ አንገራገረ፣ ያዘ፤ ላሜራው ሽርር ብሎ ሄዶ ኩሱን ጉድጓዱ ውስጥ ገፋው። ከኋላው ሲሚንቶው ግራጫ ሆኖ ታየ። ቀለሙን ረስቼው ነበር።

ሰኞ ክፍል ስገባ ዘሃራ የድሮ ቦታዋ ላይ፣ ከእኔ ጎን ተቀምጣለች። ታጥባለች፣ ግን ትሸታለች። እኔም እሸታለሁ። ከፊታችን ያሉት ልጆች ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ።

«ከዚህ ሰሌዳው ይታይሻል?» አልኳት።

«ምኑም አይታየኝም» አለችና ደብተሯን ገለጠች።

ከዚያ ወዲህ ማብሪያውን በየማለዳው እጫናለሁ፤ ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ ቦዩ ይጠራል። ሽታው ጠፋ ብዬ አልዋሽም። ሩዝ ሳይ እስከ ዛሬ ትል ይመስለኛል፤ ማንጎ ስይዝም መጀመሪያ የማየው ዝንቡን ነው። አንድ ቀን ሳይዛቅ የዋለ ቦይ ሳይ ግን ያ ቅዳሜ ትዝ ይለኝና እማዬን የምቆጣው እኔ ሆኛለሁ።

ዘሃራ አሁን ግልገል በለስ ከተማ፣ አጎቷ ዘንድ ሆና ትማራለች። መስኮቴ ላይ የቆመውን ላሜራ ፎቶ አንስቼ፣ ምንም ቃል ሳልጽፍበት ላክሁላት። ወዲያው መለሰች።

«ሸተተኝ።»