እማን በሙዚየም ለማስቀረት

አገሬን የለቀቅሁ ለት መኪናው ከቡሬ የሚነሳው ገና ጎህ ሳይቀድ ነበር። ቤታችን ደግሞ ከከተማው ወጣ ይላል፤ በእግር ነው የሚኬደው። እኔ ቦርሳዬን አንግቼ ከፊት እፈጥናለሁ፣ እማ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላ። የማርያም ደጅ ስንደርስ ቆመች።

«ተሳለሚ» አለችኝ።

«እማ፣ መኪናው ያመልጠኛል።»

«ማርያምን ሳትሰናበቺ የት ልትደርሺ ነው?»

የበሩን መቃን ሳም አድርጌ ሮጥኩ። ከቁልቁለቱ ዘወር ብዬ ሳይ እማ ገና ግንባሯን በሩ ላይ እንዳስደገፈች ነበር። የኔንም ድርሻ እየተሳለመችልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ያልሄደበት ሰምቶታል። መተማ፣ ሱዳን፣ በረሃው፣ ሊቢያ፣ ባሕሩ። ስለሱ ማውራት አልወድም። አሁን ያለሁት ኦስትሪያ ነው፤ ዋና ከተማው ቪየና ሳይሆን ከዚያ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ የምትርቅ ትንሽ ከተማ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። የሰው እናት አጥባለሁ፣ የሰው እናት አጎርሳለሁ፣ የሰው እናት ጸጉር አበጥራለሁ። የኔዋ ቡሬ ብቻዋን ናት። ወንድሜ ይርጋ በቅርብ አለ፣ ግን እሱም እርሻው ላይ ነው የሚውለው። መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ተኩስ ነበር በተባለ ቁጥር፣ እኔ እዚህ ለማላውቃት አሮጊት ሾርባ እያጎረስኩ ሆዴ እዚያ ነው።

የያዝኩት ወረቀት አገር ቤት አያስገባኝም። ስለዚህ ስንት ደጅ ጠንቼ እማን አስመጣኋት። ለጉብኝት ነው የተባለው። ለእናንተ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ላስቀራት ነው።

እሷ ግን ገና አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ፣ አቅፌያት ሳልለቃት፣ «ፍልሰታ ሳይገባ ትመልሺኛለሽ፤ ፍልሰታን ከማርያም ደጅ ርቄ አላውቅም» አለችኝ።

«እስቲ መጀመሪያ አገሩን እይው» አልኳት።

የማይታይ አገር ሆነባት እንጂ። የኛ ከተማ ከቀትር በኋላ ሰው የሚባል አይታይባትም። እማ በመስኮት ቁማ፣ «ስሜ፣ ሰዉ ምን ሆኖ ነው? ቀብር ወጥቶ ነው?» ትለኛለች። ስመኝ ነው ስሜ፤ እሷ ስሜ ትለኛለች። ሐምሌው ደግሞ ፀሐይ! የኛ ሐምሌ ጭቃውና ጭጋጉ፣ የበቆሎው ማሳ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚያስፈራበት ወር አይደል? እዚህ ሰዉ ራቁት ቀረሽ ሆኖ ሣር ላይ ተንጋሏል። እንጀራውን ለምጄዋለሁ ትላለች እንጂ ስትቀምሰው ፊቷ ይነግረኛል። ከቡሬ ያመጣችውን በርበሬ እንኳ አሽታ፣ «እዚህ ሲደርስ ሽታው ጠፋ» አለች። እኔ ቤቱ በሙሉ በርበሬ በርበሬ ነው የሚሸተኝ።

አንድ ነገር ወደደች። ሰዉ መንገድ ላይ ሲገናኝ «ግሩስ ጎት» ይባባላል፤ እግዚአብሔር ሰላም ይበልህ እንደማለት ነው። ይህን ስነግራት ፊቷ በራ። ከዚያ ወዲያ ግሩስ ጎት ያላትን ሁሉ፣ ቆማ፣ እጅ ነስታ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ? ልጆቹስ? ከብቱስ?» ትላለች። ሰውየው አልፎ ሄዷል። እሷ ገና ከብቱ ላይ ናት።

አከራዬ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኘችንና ግሩስ ጎት አለች። እማ ደስ ብሏት ስትጀምር ሴትዮዋ ወደኔ ዞረች።

«እንግዳሽ ስንት ቀን ነው የሚቆዩት?»

«ምን አለች?» አለች እማ።

ምን ልበላት? «ስንት ቀን ይቆያሉ ነው የምትል።»

 በኛ አገር እንግዳን ስንት ቀን ትቆያለህ ከማለት ውጣልኝ ማለት ይሻላል። እማ ረጋ ብላ፣ «እንግዳ ባንድ ቀን ወርቅ፣ በሁለት ቀን ብር፣ በሦስት ቀን ብረት ነው። ብረት ሆኜ እንደሆን ንገሪያት፣ አልከብዳትም በያት» አለች። እኔ አተረጓጎሙን አሳጠርኩት። አከራዬ፣ ከስድስት ሳምንት ካለፈ በጽሑፍ ማሳወቅ እንዳለብኝ ነግራኝ ወረደች።

የቪዛ ማራዘሚያ ቢሮም ሄድኩ፤ ለእማ ሳልነግራት። መስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ጎልማሳ ትሁት ነበር፤ ትሁት ሆነው ሲከለክሏችሁ ነው የሚያንገበግበው።

«የሚራዘምበት ምክንያት?»

«እናቴ ናት።»

«እሱ ዝምድና ነው፤ ምክንያት አይደለም።»

«አገር ቤት ሰላም የለም። ብቻዋን ናት። አርጅታለች።»

«እሳቸው ራሳቸው መቆየት ይፈልጋሉ?»

እዚህ ላይ ጀርመንኛዬ ጠፋኝ። እሳቸው ራሳቸው ቀርበው ፈልጌ ነው ማለት አለባቸው አለኝ። ከቢሮው ስወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ እማ መፈለግ አለባት። ይህች ጭር ያለች ከተማ መቆየት አታስመኛትም፤ ቪየና ግን፣ ያን ቤተ መንግሥት፣ ያን ካቴድራል፣ ያን ሁሉ ሙዚየም ካየች ልቧ ይነሳል አልኩ። ወደ ፍልሰታው ሳምንት ብቻ ነበር የቀረን።

ዕቅድ ማውጣት ጀመርኩ። እኔ ደግሞ ከጀመርኩ አላርፍም። ባቡሩን፣ ትራሙን፣ የትኛው ሙዚየም ሰኞ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ቤተ መንግሥት ወረፋ እንዳለው፣ እማ የት አረፍ እንደምትል፣ ሁሉን ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ፤ እንደገና ጻፍኩ። ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ አሮጊቶቹን እያበጠርኩ የትራም ቁጥር አስላለሁ። እማ አይታ አይታ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችኝ። ሰማሁ፤ አልሰማሁም።

ቪየና ስንገባ ያ ሁሉ ዕቅድ የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ቀረ። ለምን ብትሉ፣ ከተማው ቤተ ክርስቲያን በቤተ ክርስቲያን ነው። እማ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይታ ሳትሳለም አታልፍም። ባሥር እርምጃ አንዴ ትቆማለች፣ ታማትባለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ደጁን ትስማለች። «እማ፣ የኛ እኮ አይደሉም» ብላት፣ «የማን ሊሆን ነው ታዲያ?» ትለኛለች። ትራም ውስጥም ያው ነው፤ መስቀል ባየች ቁጥር ብድግ። ሰዉ የምትወርድ መስሎት መንገድ ይለቅላታል።

ትልቁ ካቴድራል ደጅ ስንደርስ ደግሞ አልገባም አለች።

«እህል ቀምሼ እንዴት እገባለሁ?»

ቁርስ ከአልጋው ኪራይ ጋር ነው ብዬ ያበላኋት እኔ ነኝ። ውጭ ቆማ ድንጋዩን ስትስም ቱሪስቱ ካቴድራሉን ትቶ እሷን ፎቶ ያነሳል።

ቤተ መንግሥቱ ይሻል ይሆናል አልኩ። ንጉሠ ነገሥቱ የተኛበትን አልጋ፣ ንግሥቲቱ የታጠበችበትን ገንዳ፣ ሁሉን አሳየኋት። «ባለቤቶቹስ?» አለች። ሞተዋል ስላት ደነገጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ በየክፍሉ በር ላይ ለቆመው ዘበኛ ሁሉ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጥናችሁ» እያለች አለፈች። አንዱ «ቢተ?» አለ፤ ምን አሉኝ ነው። አዘኑልህ አልኩት። የዚያን ሰውዬ ፊት ባያችሁ።

የቀረኝ የመጨረሻው ቀን ነበር። ለመጨረሻው ቀን ያስቀመጥኩት የልዩ ልዩ ሕዝቦች ዕቃ የሚታይበትን ሙዚየም ነው። የኛም አገር ዕቃ እንዳለ አንብቤያለሁ። የአገሯን ነገር እዚህ ተከብሮ ስታይ ትደሰታለች፣ ያኔ ነው የመቅረቱን ነገር የማነሳባት ብዬ ነበር።

ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው። መሀል ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ አንድ የመጾር መስቀል ቆሟል፤ በንግሥ ቀን ዲያቆን ከፊት ይዞት የሚወጣው ዓይነት። እማ ገና ከበሩ አይታው ቆመች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ ጥንድ አድርጋ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች። በካልሲዋ ሄደችና ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ሳመችው።

ጠባቂዋ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት፣ እየተጣደፈች መጣች።

«መስታወቱን መንካት ክልክል ነው። ጫማቸውንም ያድርጉ፤ ለደኅንነት ነው።»

«እየጸለየች ነው» አልኳት።

«ለጸሎት ክፍል አለን፤ ታች፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን።»

«ምን አለች?» አለች እማ።

«ጫማ አድርጊ ነው የምትል።»

«በመስቀል ፊት? አበስኩ ገበርኩ።»

ሴትዮዋ እማን አየቻት። ምን እንዳየች እንጃ፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብላ ወደ ሌላው ግድግዳ ዞረች።

«መቼ መቼ ነው የሚወጣው?» አለችኝ እማ።

«አይወጣም እማ።»

«ለጥምቀትስ?»

«አይወጣም። ግን እኮ እዚህ ምንም አይሆንም። ሙቀቱ በመሣሪያ ነው የሚጠበቀው፤ አይበርደው፣ አይሞቀው። ሌባ አይደርስበት፣ እሳት አይደርስበት፣ ተኩስ የለ…»

 የማወራው ስለ መስቀሉ እንዳልሆነ እኔም አወቅሁት፣ እሷም አወቀችው።

እማ ወደ መስቀሉ ዞረች። «ደኅና መሆኑንማ አያለሁ። ደኅና ነው። የሚሳለመው ነው ያጣ።» ከዚያ ክንዴን ያዘች። «ስሜ፣ የልብሽን አውቃለሁ፤ ከመጣሁ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔን እዚህ አታስቀምጪኝ።»

ተናደድኩ። ምን ልደብቃችሁ፤ እናቴ ላይ ጮህኩ። «እኔስ? እኔ እዚህ አይደለሁም ወይ? ስንት ዓመት ሙሉ ቆሜ የለም ወይ?»

ስትቆጣ የእናቷ ቋንቋ አዊኛ ነበር የሚቀናት፤ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም።

«አንቺንማ ልሳለምሽ አይደል የመጣሁት» አለች፤ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ እዚያው በካልሲዋ ቆማ። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም።

ፍልሰታ ሳይገባ ሸኘኋት። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «ያን መስቀል በእሑድ እሑድ እየሄድሽ ተሳለሚው።»

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ጾሙ ተፈታ፣ መስከረም ጠባ፣ ድምፅ የለም። መጦሪያ ቤት አንዷ አሮጊት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እጄን ይዛ አልለቅም አለችኝ፤ እኔም አልቸኮልኩም። ጥቅምት ላይ ስልኬ ጮኸ። ይርጋ እማን ፍኖተ ሰላም ድረስ ይዟት ወጥቶ፣ መስመር ካለበት ነው የሚደውሉት።

ደኅና ናት። በቆሎው ደርሷል። አከራዬን እንኳ ጠየቀችልኝ። ቀጥላ፣ «መስቀሉጋ ሄድሽ?» አለችኝ።

«ሄድኩ። ያቺ ጠባቂ አወቀችኝ፤ እናትሽስ አለችኝ።»

«እግዜር ይስጣት። ጫማሽንስ አወለቅሽ?»

የሄድኩት ማታ ሥራ በምገባበት ቀን ነው፤ የመመለሻው ባቡር እንዳያመልጠኝ ጫማዬን ሳላወልቅ ከሩቅ አማትቤ ነው የተመለስኩት።

«እማ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ አልሰማሁሽም» አልኳት። ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማኝ። ከኋላዋ የሚያልፈው ባጃጅ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

«ይሁን» አለች። «ሲሰማሽ ትነግሪኛለሽ።»

ማሰሪያ የሌለው፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ገዝቻለሁ። ባለፈው እሑድ ካልሲዬን አድርጌ እዚያ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ቆሜ ተሳለምኩ፤ ጠባቂዋ ወደ ግድግዳው ዞረችልኝ። ይህን ልነግራት ከዚያ ቀን ጀምሮ እደውላለሁ። ስልኩ አይገባም።