ማር የከለከለችኝ የጎጃም ልጅ

ይህን በስልኳ የምትጽፈው ምራቴ ፋጡማ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው።

ዛሬ ጭሮ ከተማ ባለው ቤታችን፣ የአምስት ወር የልጅ ልጄ ሲያስለው ማር በጣቴ ላልሰው ስል ጎረቤታችን ነርሷ ገብታ እጄን ያዘችኝ። ለካ ፋጡማ እኔን መናገር ፈርታ ጠርታታለች።

«አባባ፣ ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥም!»

«የጎጃም ልጅ ሆነሽ ማር ትከለክያለሽ? ይህ የገለምሶ ማር ነው፤ ሰባት ልጅ አሳድጌበታለሁ።»

«የጎጃሙም አይሰጥም። የሕፃን አንጀት ገና ስላልጠነከረ ማር ውስጥ ያለ ተህዋስ ሊመርዘው ይችላል።»

እኔን የሚያሽር ማር እሱን ይመርዛል? እስካሁን ይገርመኛል።

ከዚያ ልብሱን ገልጣ፣ ሰዓቷን እያየች፣ ትንፋሹን ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። አልፈጠነም፤ ደረቱም ወደ ውስጥ አልገባም።

«ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ ጭስ አይድረስበት። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን ወዲያው ጤና ጣቢያ!» አለች።

ጠብቶ ተኛ፤ አልሐምዱሊላህ።

ሚኤሶና ቦርደዴ ያላችሁ፣ እናንተስ ለሕፃን ሳል ምን ታደርጉ ነበር? ማንስ ከለከላችሁ? ጻፉልኝ።

በይ ፋጡማ፣ «አባባ ተሳስተው ነበር» ብለሽ ጨምሪበትና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ።