ዘይነባ ማይክሮፎኑን ጨበጠች

ዛሬ ሐይቅ ከተማ በተደገሰ ሰርግ ላይ የልጅነት ጓደኛዬ ዘይነባ የልጅ ልጇን ለመመረቅ ማይክሮፎን ስትይዝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሥቼ አጨበጨብሁ!

በደርግ ዘመን አብረን ስንማር፣ ስለምትንተባተብ ክፍሉ በሙሉ ያፌዝባት ነበር። ውላ አድራ መናገሩን ተወችው፤ እቤቷም ራሷን እየነቀነቀች ብቻ ትመልስ ጀመር።

ስታንጎራጉር የሰሟት መምህራችን ለቀበሌው ኪነት ቡድን መረጧት። መድረክ ላይ በአምባሰል ቅኝት አንዴም ሳትደናቀፍ ዘፈነች። (ግጥሙ ስለ እርሻ ዘመቻ ነበር፤ ዘመኑ ነዋ!)

የክፍላችን ዋና ፌዘኛ አፉን ከፍቶ «አንቺ፣ ይኼን ድምፅ ከማን ደብቀሽው ኖሯል?» አላት።

«ከ... ከ... ከእናንተ!»

ዛሬም ትንተባተባለች። ምርቃቷን ግን ሳትቸኩል ጨረሰች፤ አዳራሹም በትዕግሥት እየጠበቀ «አሚን!» አላት። ደስታዬን የት ላድርሰው?

እናንተስ፣ ፌዝ አፉን ዘግቶት ኋላ የተናገረ ልጅ ታውቃላችሁ? እስኪ አጫውቱን።