ዘጠኝ ሰው ያረመው የሕይወት ታሪክ

የእንግሊዝኛ መምህራችን ማክሰኞ ጠዋት አረፈች። ቀብሯ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆነና የሕይወት ታሪኳን ጽፎ የማንበቡ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። የውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። የውሃ መቁረጫ ማስጠንቀቂያ ስትጽፍ የኖረች ሴት የሞት ወረቀት አያቅታትም ብለው ነው መሰለኝ። እምቢ ለማለት እንኳ አቅም አጣሁ። አላለቀስኩም፤ ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ እኔ ደንዝዣለሁ። የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሌላ ጊዜ የሚነበብላት ቀን የለም፣ ያጎደልኩት ጎድሎ ይቀራል።

አንቱታ አትወድም ነበር፤ «እሷ» እያልኩ የማወራው ንቄያት አይደለም። ፊት ለፊት «ቲቸር» ነበር የምንላት፣ ከጀርባዋ «ሁለት ፊርማ»። የቤት ሥራችንን ሁለት የክፍል ጓደኞች አንብበው፣ አርመውና ፈርመው ካልመጣ አታየውም። ስህተት ከተገኘ ደግሞ ማርክ የሚቀነሰው ከፈረሙት ነው። «የሰው ዓይን የራሱን ስህተት ይዘላል» ትል ነበር። ዛሬ ፋርማሲስት የሆነው የክፍል ጓደኛዬ ያኔ ሳያነብ ነበር የሚፈርምልኝ። አንድ ቀን መሐል ላይ በእንግሊዝኛ «እኔ አህያ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰካሁለት፤ ፈረመበት። ቲቸር አስነሥታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው አደረገችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲህ ሳያነብ ፈርሞ አያውቅም። ዛሬ እሱ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሁለት ሰው ዓይን ያላየው መድኃኒት ከባንኮኒው አያልፍም። መካኒክ የሆነው ሌላው የክፍላችን ልጅም ያው ነው፤ ፍሬን የነካበትን መኪና ሌላ ሰው ሳያይለት ቁልፉን አያስረክብም፣ ደንበኛው «ቶሎ በል» ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እኔም ደብዳቤዬን አጠገቤ ላለችው ሳላሳይ ማኅተም አላስመታም። አለቃዬ ሥራ ታጓትቺያለሽ ይለኛል፤ ይበል።

ሐሙስ ጠዋት የድሮ ተማሪዎቿ እሷ ቤት ተሰበሰብን። ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር፤ እንደ ድሮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከመሐላችን ጠበቃ የሆነችው አንድ ዓመተ ምሕረት አስተካከለች። መካኒኩ «‹ታታሪ› የምትለውን ሁለት ጊዜ ጽፈሻታል» አለኝ። ፋርማሲስቱ ሁለቴ አንብቦ ፈረመ። በጠቅላላው ዘጠኝ ሰው ፈረመበት። ብታየው ደስ ይላት እንደነበር አውቃለሁ፤ ማወቁን አወቅኩ እንጂ ምንም አልተሰማኝም።

ያልሞላሁት አንድ ክፍት ቦታ ቀርቶኝ ነበር፤ ታላቅ እህቷን ለመጠየቅ ወደ ፊተኛው ክፍል ገባሁ። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሁለቱም አላገቡም፤ እዚህ ቤት አብረው አርባ ዓመት ኖረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለማጠናከሪያ ስንመጣ በስፌት መኪናቸው አጠገብ እየተጋፋን ነበር የምናልፈው። እንዳንረግጥባቸው ጨርቁን ሰብሰብ ያደርጉና «ግቡ፣ ግቡ» ይሉናል። ቲቸርን ኮሌጅ ያስጨረሳትም ያ ስፌት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«እትዬ፣ ማስተማር የጀመረችው በስንት ዓመቷ ነው?»

«እስቲ አምጪው፣ ልየው።»

መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡ። ሁለተኛውን ገጽ ሲጨርሱ ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው።

«ሌላ ገጽ አለው?»

«የለውም እትዬ።»

«እሺ። ጥሩ ነው» አሉና ወረቀቱን አስተካክለው መለሱልኝ። «በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው የጀመረችው።»

በሩ ጋ ስደርስ ነው የገባኝ። ተማሪዎቿን በየሙያችን ዘርዝሬያለሁ፤ «ልጅ ባትወልድም ሁላችንም ልጆቿ ነን» ብዬ አሳምሬያለሁ፤ እህት እንዳላት ግን የትም አልጻፍኩም። ሁላችንም በእሳቸው በር ገብተን፣ እሳቸው ባቀረቡልን ወንበር ተቀምጠን ነው ያረምነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ተመለስኩ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁኑኑ እጨምራለሁ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ምን ይጻፋል ልጄ? ለእናንተ እንደሆነ ቲቸር አልሞተችባችሁም፤ በየሥራችሁ ታነሷታላችሁ። እኔ ነገ ጠዋት ማንን ነው የምቀሰቅሰው?»

ድምፃቸው ያው ነው። መቀሳቸውን አነሡና የሚቆርጡት ነገር ስለሌለ መልሰው አስቀመጡት።

«ከፈለግሽ ‹እህት ነበረቻት› በይ። ይበቃል።»

ከገጹ ግርጌ በእጄ ጻፍኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆሜ አነበብኩ። ሁለቱን ገጽ በደረቅ ዓይን፣ በደረቅ ድምፅ ተወጣሁት፤ ሰው ያለቅሳል፣ እኔ ምንም። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ደረስኩ። አንዴ ሞከርኩ፣ ደገምኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። ፋርማሲስቱ መጥቶ ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ መስመሯን ሲያያት ወደ እትዬ ዞረ።

እትዬ ከፊት ወንበር ላይ ተነሡ።

«እህቷ እኔ ነኝ» አሉ፣ ለሰዉ ሁሉ።