የሁዳዴ ቅጂዎች

የምወደውን ባንድ አዲሱን አልበም ሰው ሁሉ ያደንቃል፤ ያድንቅ። እኔ ግን ልቤ ያለው ሞላሌ ከተማ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ በገዛ ስልኬ በተቀዱት የመጀመሪያ ዘፈኖቻቸው ላይ ነው። ጊታሩ እዚህም እዚያም ይስታል። ከበሮው ባዶ ጀሪካን ነው። አንዱ ዘፈን መሃል ላይ የጎረቤት በግ ትጮኻለች፤ ሌላው ላይ ቆርቆሮው በበረዶ ይደበደባል፣ እነሱ ግን እስኪያባራ እንኳ ሳይጠብቁ ይቀጥላሉ። ይሄ ግዴለሽነታቸው ደስ ይለኛል።

ሦስቱም የባንዱ አባላት እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራን ነበሩ። ከፋሲካ በኋላ ሥራቸውን ለቀው አዲስ አበባ ሊገቡ ቆርጠው ስለነበር፣ እዚያ ለሰው የሚያሰሙት ነገር ያስፈልጋቸው ነበር። ችግሩ ወቅቱ ሁዳዴ መሆኑ ነው። በሁዳዴ፣ ያውም መምህር ሆኖ፣ ሞላሌ ላይ ሮክ መጫወት ሰፈሩን በራስ ላይ መጥራት ነው። ስለዚህ አከራዬ እማማ ዘንድ ሄጄ «ቤቱ በረደኝ» ብዬ ዝተት ተዋስኩ። አንድ አልበቃንም። እየተመላለስኩ አራት አደረስኳቸው፤ እሳቸውም ምንም ሳይሉ ሰጡኝ። ያንን ከባድ የሱፍ ብርድ ልብስ በሩና ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ዘፋኙ እንዲያም ሆኖ ስለፈራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ዘፈነ። እኔን የያዘኝ ያ ድምፅ ነው። ከፍርሃት የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንዲያ ቀርቦ የሚያናግረኝ ዘፈን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

በቀደም ዘፋኙ ደወለልኝ።

«እባክህ እነዚያን የድሮዎቹን አጥፋልኝ። ሰው እጅ ከገቡ መሳቂያ ነው የምንሆነው» አለ።

ቅጂው ያለው እኔ ስልክ ላይ ብቻ ነው። በጣም ተናደድኩ። ግን ዘፈኑ የእነሱ ነው፣ ምን እላለሁ? እሺ አልኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምናልባት ልቤ ቢቆርጥልኝ ብዬ፣ አዲሱን አልበም ግቢው ውስጥ ከፈትኩት። እማማ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትላሉ።

«እነዚያ ጓደኞችህ ናቸው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ምነው እንዲህ መጮኽ አመጡ? ይልቅ ያንን የጾሙን አሰማኝ።»

ክው አልኩ። «የቱን የጾሙን?»

«በጓ የምትጮኽበትን ነዋ! እግዜር ይፍታኝ፣ ከግድግዳው ወዲህ ቁጭ ብዬ ስሰማችሁ ነበር።»

ከፈትኩላቸው። መፍተሉን ትተው እስከ መጨረሻው ሰሙ። እንዳጠፋው መታዘዜን ስነግራቸው «ለሱ ደውልልኝ እስቲ» አሉ። ደወልኩና ድምፁ ለሁለታችን እንዲሰማ አድርጌ ያዝኩላቸው። እማማ ያኔ ሁሉን ይሰሙ እንደነበር ሲነግሩት ዘፋኙ መንተባተብ ጀመረ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ በጾም፣ በእርስዎ ቤት...»

«ተው፣ ተው» አሉት። «አንድ ሰው ቢበርደው አራት ዝተት ይለብሳል? ይሄ የሚጠፋኝ ሴትዮ መሰልኳችሁ? የሰጠኋችሁ ጎረቤት እንዳይሰማባችሁ ብዬ ነው። አሁንም ይጥፋ ትላለህ?»

ዘፋኙ መንተባተቡን ተወ። በዚያው በሁዳዴው ድምፁ፣ ዝቅ አድርጎ፣ «አይጠፋም፣ እማማ» አለ።