ለአባቴ ያላነበብሁለት መጽሐፍ

ልጅ እያለሁ ባሕር ዳር ውስጥ እንደ እኔ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ስድስተኛ ክፍል ነኝ፤ በእንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቻለሁ። አባቴም ላገኘው ጎረቤት ሁሉ "የእኔ ልጅ ከፈረንጅ ጋር ታወራለች" ይላል። ከፈረንጅ ጋር አውርቼ አላውቅም። ግን "ኧረ ተው አባባ" ብዬውም አላውቅም።

አባቴ ታደሰ የከብት ሕክምና መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። ማታ ሲገባ ልብሱ ቤንዚንና ግራሶ ይሸታል፤ ያ ሽታ ለእኔ የአባት ሽታ ነበር። ፊደል የቆጠረው ከጎለመሰ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። የአማርኛ ጋዜጣ ጣቱን እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። ለዓመታት የነዳት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች። የእሷ ነገር ቀላል ነው፤ ጭቃ ሲያጋጥም ቢጫ እራስ ያላትን ትንሽ ማርሽ ወደ ታች መጫን ብቻ፣ ከዚያ የኋላውም የፊቱም ጎማ ይስባል።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አዲስ ላንድክሩዘር መጣችና ቁልፏ ለአባቴ ተሰጠ። ያን ቀን ቤት የገባው እያፏጨ ነው። በእጁ ከመኪናዋ ጋር የመጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዟል።

"ልጄ፣ ስለ ፎር ዊሏ፣ አራቱም ጎማ ስለሚስብበት የሚለውን ፈልጊና አንብቢልኝ። ማርሿን መጫን ብቻ ነው፣ እንደ ላንድሮቨሯ? ወይስ ሌላ ነገር አላት?"

ጓደኞቼ ደጅ ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወቱ ይጠሩኛል። ገጹን ገለጥሁ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የማውቀው ሦስት አራት ቃል ነው። የፊት ጎማ ሥዕል አለ፤ መሃሉ ላይ ክብ ነገር፣ በላዩ ቀስት። "አልገባኝም" ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ።

"ያው ናት አባባ። ማርሿን መጫን ብቻ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እዚህ እኮ ተጽፏል!" አልሁና ጣቴን ያገኘሁት መስመር ላይ አሳረፍሁ። መስመሩን ትንሽ አየው፤ ከዚያ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠው። እኔም ወደ ጨዋታዬ ሮጥሁ።

ነሐሴ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የከብት ክትባት ይዞ ጎርጎራ አጠገብ ወዳለ ቀበሌ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። አክስቴ ጎርጎራ ስለነበረች አባቴ ኃላፊውን አስፈቅዶ ከኋላ፣ ክትባቱ በበረዶ ከተቀመጠበት ሣጥን አጠገብ አስቀመጠኝ። ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ሰብስበው ይጠብቁናል ተብሏል።

የደንቢያ ዋልካ፣ ያ ጥቁር ጭቃ ላይ ስንደርስ መኪናዋ ሰመጠች። አባቴ በመስታወቱ እያየኝ ፈገግ አለና ማርሿን ተጫነ። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን እየበተኑ ዞሩ፤ የፊቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ወርዶ ድንጋይ አስገባ፣ ቅጠል አነጠፈ። ጭራሽ ሰመጠች።

"ጓድ ታደሰ፣ አራቱም ይስባል አላልህም እንዴ?" አለ ኃላፊው።

"ይስባል።"

"ታዲያ የፊቶቹ ምን ሆኑ?"

አባቴ ማርሿን እንደገና ተጫነ። እኔ ግን በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ የፊት ጎማውን አየሁ። መሃሉ ላይ ክብ መዘውር አለ፤ በላዩ ቀስት። ሥዕሉ ድቅን አለብኝ። አንገቴን ወደ ውስጥ መለስሁ።

ፀሐይዋ ወጥታ በረዶው ሲያልቅ፣ ከጎርጎራ በኩል ኒቫ የምትባል ትንሽ የሩሲያ መኪና መጣች። ያቺ ደግሞ አራቱም ጎማዋ ሁልጊዜ የሚስብ፣ ምንም መጫን የማያስፈልጋት ናት። ወጣቱ ሹፌሯ ወርዶ መኪናችንን ዞር ዞር ብሎ አየ።

"ጋሼ፣ እነዚህን አዙረዋቸዋል?"

"ምኖቹን?"

ልጁ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ የሁለቱንም የፊት ጎማ መዘውር በእጁ አዞረ። "በዚች መኪና ማርሿ ብቻዋን ዋጋ የላትም። የፊት ጎማውን የሚያገናኘው ይሄ ነው" አለ። አባቴ ነዳጅ ሲሰጣት አንዴ ጓ ብላ ወጣች።

ኃላፊው ሣጥኑን ከፍቶ አየና "ክትባቱ ሞቆ ተበላሽቷል" ብሎ መልሶ ዘጋው። "መጽሐፉ አልተሰጠህም?"

"ተሰጥቶኛል" አለ አባቴ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"መጽሐፉን ያነበብሁት እኔ ነኝ" ማለት አራት ቃል ነው። አንዱም አልወጣኝም። ቀበሌው ስንደርስ ገበሬዎቹ ያልተከተቡ ከብቶቻቸውን እየነዱ ሲመለሱ፣ ከመቀመጫዬ ወርጄ ሣጥኑ ሥር ተደበቅሁ።

በሳምንቱ ቁልፉ ለሌላ ሹፌር ተሰጠ። አባቴ አሮጌዋን ላንድሮቨር መልሶ ያዘ፤ ማፏጨቱም ቀረ።

የአሁን መኪኖች ሌላ ናቸው። የልጄ መኪና ለየትኛው ጎማ ጉልበት እንደምትሰጥ ራሷ ታውቃለች፤ የሚወርድ ሰው የለም፣ ጫማው የሚበላሽበት ሹፌር የለም። ደስ ይለኛል። እንዲያም ሆኖ በዚያ መንገድ ባለፍን ቁጥር ወሬዬ ይቋረጣል።

ለአባቴ የተናዘዝሁት ጡረታ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ነው። እስክጨርስ ጠበቀኝና "ያኔውኑ አውቄያለሁ። የኒቫው ልጅ መዘውሩን ሲያዞር ፊትሽን አየሁት" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አልተናገርህም?"

"ምን ብዬ? ልጄ ማንበብ አትችልም ብዬ?"

ይህን ሲል ይስቅ ነበር። እኔ ግን ዛሬም፣ ሃምሳን አልፌ፣ አብሬው መሳቅ አልሆነልኝም።